የተፋቀው የፋን ሉ ቃል

አንደኛ ወር፣ በአሥራ ሁለት

ወንድምጋሼ ዶንግ ዛሬም ወደ ኋላ እየሄደ ገባ። ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሩን በቂጡ ገፍቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ እንደ ሸርጣን… ቀጥ ብሎ ቁርስ የሚበሉት መምህር ጎንግዬ ላይ ወደቀ። የመምህር የዳጉሳ ገንፎ ግማሹ ጢማቸው ላይ ቀረ።

«ዶንግ፣ ምን ሆነሃል?»

«ተረትቼ ነው፣ መምህር።»

«በማን?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ ቀርከሃ እየቆጠርኩ ነበር፤ እንደ ጨዋ ልጅ።

ምን ላድርግ? ስለ በር ያነሳው ራሱ ነው። «ሰው ወደሚሄድበት ማየት አለበት» አለ። እኔ ደግሞ «ጠላት ከኋላ ነው የሚመጣው፤ ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ሞኝ ነው፤ ብልህ ወደ ኋላ እየሄደ ይገባል» አልኩት። ጊዜ የምንቆጥርባት ቀዳዳ እንስራ አሥር ጊዜ ጠብ እስክትል መልስ አጣ። ደንባችን ደግሞ ደንብ ነው። አሥር ጠብታ ዝም ያለ ተረታ። የተረታ የረታውን ሰው ቃል በእግሩ ይፈጽማል። ከሊንዚ ከተማ ምዕራብ በር ውጭ ካሉት የትምህርት አዳራሾች ሁሉ ይህ ደንብ ያለው የኛ ብቻ ነው። ሌሎቹ ያወራሉ፣ እኛ እንሠራለን… ይላሉ መምህር፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ፋን ሉ ሳቁን ለማፈን እጅጌውን ነክሶ ነበር። እኔና እሱ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የምንተኛው። እራት በልተን ስንጨርስ፣ ጥቂት ቆይቶ (እሱ ሁሌ ጥቂት ቆይቶ ነው)፣

«ዶንግ እኮ እንዲህ ሊልህ ይችል ነበር» አለኝ። «ጠላት ቤት ውስጥ ከሆነስ?»

«ያንተ መልስ ሁሌ ከእራት በኋላ ነው የሚደርሰው!» አልኩት።

በእርግጫ መለሰልኝ። እሱስ ፈጣን ነው።

አንደኛ ወር፣ በአሥራ ስድስት

ቀለሙ በረዶ ሆነ። ዶንግን «በብብት ሙቀት ይቀልጣል» አልኩት። ቀለጠ… ነጭ ልብስ ነበር የለበሰው።

ሁለተኛ ወር፣ በአምስት

ቀኑን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ። ሥራዬ ነው። ክርክር ሲካሄድ የሁለቱም ወገን ቃል ቀርከሃ ስንጥር ላይ ይጻፋል። ሲፈረድ የተረታው በካራ ይፋቃል፤ የረታው ብቻ በክር ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። «አዳራሹ ይላል» ተብሎ። ቀርከሃ ከደቡብ በጋሪ ነው የሚመጣው፤ በስህተት ላይ አይባክንም ይላሉ መምህር። ቀጥ ያለው ስንጥር ለአዳራሹ ይመለሳል። የተንጋደደው ለኔ። ይኸው ይህን የምጽፍበት እሱ ነው… ዝም በሉ።

መደርደሪያው ላይ ሰባት ጥቅል አለኝ። ሰባት! ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ። ግማሹን ፊደል እንኳ ከሌላ ሰው ጽሑፍ እያየሁ ነው የምጽፈው። ዶንግ በስድስት ዓመት አራት። ፋን ሉ… ምንም። በሦስት ዓመት አንድ ስንጥር የለውም። ተነስቶ ይቆማል፣ ጣሪያ ያያል፣ «ቆይ… ላስብ» ይላል። እንስራዋ ደግሞ አትቆይም።

«ለምን ወደ ቤትህ ገብተህ የሐር ትል አታረባም?» አልኩት ዛሬ። እናቱ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ብቻቸውን ናቸው። ባል የሞተባቸው፣ ሌላ ልጅ የሌላቸው።

አሰበ። አሰበ። እኔ ሁለት ስንጥር ፍቄ ጨረስኩ።

«እናቴ ናት የላከችኝ» አለ። «ሰው ሲናገር የምትሰማው አንተ ብቻ ነህ፤ ሄደህ ደግሞ መልስ መስጠት ተማር አለችኝ።»

ሁለተኛ ወር፣ በሃያ

ከሱኦ ከተማ መልእክተኛ መጣ። ጫማው አልቆ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ትልቁ ጎረቤት ግዛት ሊከብባቸው ነው። ቅጥር መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ስጡን ይላል። ሌሎቹ አዳራሾች ምክር ሰጥተውታል። «ምክር ጠግቤአለሁ» አለ፣ ሳይስቅ።

መምህር ስለ ቅጥር ያስተምሩናል። ስለ መሰላል፣ ስለ አሸዋ፣ ከሥር ስለሚቆፈር ዋሻ። ግን ሰው ዝም ብሎ አይሰጥም። ክርክር ታዘዘ። «ሰው የራሱን ትቶ የማያውቀውን ሊያድን ይሂድ? ወይስ አይሂድ?» ሁላችንም ከማሰሮ ባቄላ አወጣን። ጥቁር «ይሂድ» ይላል። ነጭ «አይሂድ» ይላል። ሽንብራ የወጣለት ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።

ጥቁሩ ለኔ። ነጩ ለፋን ሉ።

እኔማ በሆዴ «አይሂድ» ባይ ነኝ። ማን ያብዳል? ግን ባቄላ ባቄላ ነው።

ሁለተኛ ወር፣ በሃያ አንድ

ረታሁ።

እንዲህ ነበር። መልእክተኛው ምሰሶው ሥር ተቀምጧል። ዶንግ ሊጽፍ ብርዑን ይዟል። እኔ ጀመርኩ። «ቤትህና የጎረቤትህ ቤት አንድ ላይ ቢነዱ፣ እሳቱ የማን ነህ ብሎ ይጠይቃል? እናቴ ትላለህ። ሱኦ ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ የአንድ ሰው እናት ናት። ሁሉም የቅርቡን ብቻ ካለ የሩቁን ማን ይይዛል? አንተስ ለስንቱ ሩቅ ነህ?»

አፌ እንዴት እንደሚፈስ! ራሴን መስማት ደስ አለኝ።

ፋን ሉ መለሰ… በቀስታ። ስለ አንድ ሳህን ውሃ የሆነ ነገር አለ። ስለ ሳል። አልሰማሁትም። የሚቀጥለውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻዋን ጣልኩበት። «አሁን ሱኦ ውስጥ ብትሆን፣ እናትህም አጠገብህ ብትሆን፣ ይህ አዳራሽ አይሂድ እንዲል ትፈልግ ነበር?»

«ቆይ…» አለ። «ቆይ፣ ላስብ…»

ጠብ።

ያኔ ነው ያደረግኩት። ማንም አላዘዘኝም። ሄጄ እንስራዋ አጠገብ ቆሜ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። «ሦስት! አራት! አይዞህ፣ እራት ገና ነው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፋን ሉም ሊስቅ ሞከረ። «ሰባት! ስምንት!»… በዘጠኝ ላይ አፉን ከፍቶ ነበር። አይቻለሁ። ሊናገር ነበር። ድምፄ ይሁን ሳቁ… መልሶ ዘጋው።

«ተረታሁ» አለ።

መልእክተኛው መጥቶ ፋን ሉ እግር ሥር ግንባሩን መሬት አስነካ። ለሱ። ለኔ አይደለም። ሳቁ ያኔ ቆመ።

የፋን ሉን ስንጥሮች ፋቅኩ። ዘጠኝ ናቸው። ሦስቱ የተንጋደዱ።

ሁለተኛ ወር፣ በሃያ ሁለት

ቀልድ መስሎኝ ነበር…

«መምህር፣ ፋን ሉ እኮ የእውነት ሱኦ ሊሄድ ጫማውን እየሰፋ ነው!»

«አዎ።»

«ልምምድ እኮ ነው! ባቄላ ነው ያወጣነው!»

«ዶንግ ሦስት ቀን ወደ ኋላ ሲገባ ልምምድ ነው አላልክም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አልኩ።

«አንድ መንገድ አለ» አሉ። «የረታው ሰው በአዳራሹ መካከል ቆሞ ቃሌ ሐሰት ነበር ካለ፣ የተረታው ነፃ ነው። የረታው ግን ጥቅሎቹ ሁሉ ይፋቃሉ። ምንጣፉንም ጠቅልሎ ይወጣል።»

«እርስዎ ቢያዙስ?»

«እኔ የማዝ ከሆነ እንስራዋን ለምን አስቀመጥኳት?»

ስምንት ጥቅል ሆኗል አሁን። ነገ እናገራለሁ።

ሁለተኛ ወር፣ በሃያ ሦስት

አልተናገርኩም። እስከ አዳራሹ መካከል ሄጄ ነበር። «ምን ፈለግህ?» አለኝ ዶንግ። «ካራዬ ጠፋኝ» አልኩት። ካራዬ እጄ ላይ ነበር።

ከበባ ሁሉ እኮ ጦርነት አይሆንም። ሽማግሌ ይገባል፣ ጥቂት ሐር ይሰጣጣሉ፣ ይለያያሉ። በወሩ ይመለሳል። አይመለስም እንዴ?

ሁለተኛ ወር፣ በሃያ አራት

ሄደ። ምዕራብ በር ድረስ ሸኘሁት። መልእክተኛው ጥቂት እርምጃ ቀደም ብሎልን ቆሞ።

«ቢገድሉህ እገድልሃለሁ» አልኩት።

«እሺ።»

«ደግሞ እዚያ ሄደህ ጠላትን ቆይ ላስብ እንዳትለው።»

ሳቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቆየ፣ ቆየ… «መልሱን አገኘሁት» አለኝ። «የዚያን ቀኑን ጥያቄ። ላንተ የምመልሰውን።»

«ንገረኛ!»

«ስመለስ። አሁን ብነግርህ አንተ ደግሞ ትመልስልኛለህ። ሳልረታ ልሂድበት።»

እናቴን ጠይቅልኝ አለኝ። ትሎቹ ሲፈለፈሉ ቅጠል መልቀም ለብቻዋ ይከብዳታል አለኝ። «አዳራሹ ቅጥር ሊለካ ላከው በላት።»

«እሺ» አልኩ። አፌ ላይ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር። እሱም አልወጣም። ፊቱን አዙሮ እስኪርቅ አየሁት። እጁን አላወዛወዘም… ስንቅ ይዞ ነበር፣ በሁለት እጁ።

ሦስተኛ ወር፣ በዘጠኝ

ትሎቹ ተፈልፍለው ይሆናል። እናቱ ጋ አልሄድኩም። ነገ።

ሦስተኛ ወር፣ በአሥራ ሰባት

አልሄድኩም። ምን ብዬ ፊታቸውን አያለሁ? ዶንግን ጫማው ውስጥ እንቁራሪት ከተትኩለት። አውጥቶ ጣላትና ጫማውን አጠለቀ። አልተናደደም። ምነው ቢሰድበኝ…

ሦስተኛ ወር፣ በሃያ ሰባት

ወሬ መጣ! ጨው ነጋዴ ነው ያመጣው። ሱኦ አልወደቀችም! ትልቁ ጎረቤት በላይ ስላቃተው ከሥር ዋሻ ይቆፍራል። እነሱ ደግሞ በቅጥሩ ሥር ጋን ቀብረው፣ አፉን በቆዳ ወጥረው፣ አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ከየት በኩል እንደሚቆፈር ለይቶ ይናገራል።

«ማን ነው የሚያዳምጠው?»

«አንድ ከሊንዚ የመጣ ዝምተኛ ልጅ። ሁለት ጊዜ አድኗቸዋል። ሲጠይቁት ቆይ፣ ቆይ ይላል፤ ከዚያ በጣቱ ያሳያል።»

ከደስታዬ የተነሳ ጨው ነጋዴውን አቅፌ ሳምኩት። ጢሙ ይወጋል። ፋን ሉ፣ አንተ ጆሮ! ስትመለስ ለብቻህ ጥቅል እጽፍልሃለሁ። ርእሱም «ቆይ»!

አራተኛ ወር፣ በአሥራ አንድ

ሱኦ ወደቀች።

ያው ጨው ነጋዴ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም። ሦስተኛውንም ዋሻ ሰምቶት ነበር አለ። ተናግሮም ነበር። ሰዎቹ ሲሮጡ እሱ ከጉድጓዱ አልወጣም… አራተኛ እንዳለ ሊለይ። ቅጥሩ በላዩ ተናደ።

በቀትር ነው የነገሩን። ፀሐዩ እንዲህ ደምቆ።

አራተኛ ወር፣ በአሥራ ሁለት

ዘጠኝ ላይ አፉን ከፍቶ ነበር።

አራተኛ ወር፣ በሃያ ስድስት

እናቱ መጡ። ነጭ የሐዘን ልብስ፣ ጣቶቻቸው በቅጠል ጭማቂ ጠቁረዋል። ለሙት እንደሚደረገው ጣሪያ ላይ ወጥተው ልብሱን እያውለበለቡ ሦስት ጊዜ ተመለስ ብለው እንደጠሩት ነገሩን። ሬሳ የለም፤ ልብሱን ቀበሩት።

«ከመሄዱ በፊት ክርክር ነበር አሉ» አሉ። «ልጄ የተናገረው ተጽፏል ይባላል። አንብቡልኝ።»

መምህር ወለሉን አዩ። ዶንግ እኔን አየኝ። እኔ… መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። ስለዚያ ቀን ያለው ያ አንድ ጥቅል ብቻ ነው። የኔ። «አዳራሹ ይላል» የሚለው። ሌላው ተፍቋል።

አነበብኩት። እሳቱ ይጠይቃልን። ሴት ሁሉ የአንድ ሰው እናት ናት። አንተስ ለስንቱ ሩቅ ነህ።

ፊታቸው እየበራ ሄደ።

«ይህን ልጄ ተናገረ?»

አፌን ከፈትኩ።

«ከልጅነቱ ቃል ይጠፋው ነበር እኮ… እንዲህ አድርጎ ተናገረ? አምኖበት ነዋ የሄደው! ወዶ ነዋ!» እንባቸው መጣ፤ የደስታም ጭምር። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ። «አንድም ቆይ የለበትም?»

«ሲጻፍ… ተስተካክሎ ነው፣ እማማ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ምላሴ ነው። ምን ያህል ፈጠን አለ!

አራተኛ ወር፣ በሃያ ሰባት

ይህን ማስታወሻ ከፊት ጀምሬ ላነብ ፈታሁት። ከሃያ አንድ ጀምሮ ያሉትን ሦስቱን ስንጥሮች ፀሐይ ላይ ይዤ አየኋቸው። የተንጋደዱት። የሱ ቃል የነበረባቸው።

በሱ ቃል ላይ ነው «ረታሁ» ብዬ የጻፍኩት።

ካራው በደንብ ያልነካው ቦታ አለ። የ«ሳል» ግማሽ ይታያል። ከሥሩ «እኔ ብቻ»… ሌላው የለም። ጎበዝ ፋቂ ነኝ። ሆድ ይፍጀው።

አምስተኛ ወር፣ በስምንት

በአዳራሹ መካከል ቆምኩ። «ቃሌ ሐሰት ነበር» አልኩ።

ሁለት ወር ተኩል ዘግይቼ። የእራት በኋላ መልስ ማለት ይህ ነው።

መምህር ወደኔ ዞሩ። «ነፃ የምታወጣው ሰው የለም፣ ቱዎ» አሉኝ።

«አውቃለሁ። ጥቅሎቼን ራሴ ልፋቃቸው። ስንጥሮቹን ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ፋን ሉ ያለውን ልጽፍበት።»

«የተረታ ቃል እኮ አናስቀምጥም።»

«ለዚህ ነዋ እናቱ ውሸት ሰምተው የሄዱት።»

መምህር ጢማቸውን ያዙ። «ውሰድ» አሉ። ሌላ አላሉም። ስምንት ጥቅሌንና ምንጣፌን ይዤ ወጣሁ። የኔን ግማሽ ምንጣፍ ብቻ ቆርጬ ልሂድ ብዬ ነበር… ቀልድ ነው። አልሳቀም ማንም። እኔም።

አምስተኛ ወር፣ በሃያ

አንድ ሸክላ ሠሪ ከመጋዘኑ ጥግ ሰጥቶኛል። ጭቃ አቦካለታለሁ። ከዚያ እፍቃለሁ። ስለ በር፣ ስለ አሳማ፣ ስለ ጨረቃ የረታሁት ሁሉ ዱቄት ሆኖ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል።

መጻፉ ግን እንቢ አለኝ። ፋን ሉን እጽፈዋለሁ፣ እንደኔ ይናገራል! ቶሎ ቶሎ፣ እየወጋ፣ እያሽሟጠጠ። በስንጥር ላይ እንኳ አፉን ነጠቅኩት። ፍቄ እንደገና። ፍቄ እንደገና።

ዛሬ ወንድምጋሼ ዶንግ መጣ። በር ላይ ቆሞ ተጠራጠረ። «ፊትህን ወደኔ አድርገህ ግባ» አልኩት።

ተቀመጠ። ደረቅ ዓሣ አምጥቶልኛል። «የጻፍኩት እኔ ነበርኩ እኮ» አለኝ። «ጥቂት አስታውሳለሁ። ስለ ውሃው።»

«ምን አለ?»

«አንድ ሳህን ውሃ አለኝ። መንገዱን ሁሉ ልርጭበት ካልኩ የማንም ጉሮሮ አይርስም… እንዲህ ነገር። አንተ የሚቀጥለውን እያሰብክ ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔ እጽፍ ነበር። መጻፍ ማዳመጥ አይደለም ለካ» አለ። ዶንግ! ይህን ያህል ዓመት ስቄበት…

ስድስተኛ ወር፣ በሁለት

እናቱ ጋ ሄድኩ። በመጨረሻ። የትሎቹ ጊዜ አልፏል፤ ግማሾቹ በቅጠል እጦት እንደሞቱ ነገሩኝ። ለብቻቸው መልቀም አልቻሉም። እኔ ስላልመጣሁ ነው።

ውሃ ቀዳሁ። አጥር ጠገንኩ። ከዚያ ጎረቤቶቹን ጠሩ። አሥር ይሆናሉ፣ ልጆቻቸውን ይዘው።

«ልጄ የተናገረውን ይህ ጓደኛው በቃሉ ያውቀዋል» አሉ። «በል፣ አሰማቸው።»

አሰማኋቸው። አንዲት ሴትዮ «ፋን ሉ ነው እንዲህ ያለ? እኛ ልጅ ሆኖ ዲዳ ነው ስንል!» አለች። እናቱ ቀና ብለው ተቀመጡ። በሕይወቴ እንዲህ ቀና ያለ ሰው አላየሁም።

እውነቱን ብነግራቸው ይህ ይፈርሳል። ባልነግራቸው ደግሞ… ልጃቸው የትም የለም። የሚያነቡትም፣ የሚኮሩበትም እኔ ነኝ። የገደለውን ሰው ቃል ነው ልጄ የሚሉት።

ስድስተኛ ወር፣ በአሥራ ዘጠኝ

እንዲህ ጀመርኩት አሁን። «አንዱ እንዲህ አለ። ሌላውም መለሰ።» ሁለቱንም፣ በየተራ፣ ሳልፍቅ። እንዲህ የተጻፈ አይቼ አላውቅም። እጄ መንገዱን አያውቀውም። የኔን ስጽፍ ብርዑ ይሮጣል። የሱ ጋ ስደርስ አስቀምጠዋለሁ፣ ጭቃ አቦካለሁ፣ እመለሳለሁ። መቆየት ነው ሥራው። ሲቆዩለት ይመጣል።

«የእናቴን ሳል አውቀዋለሁ» አለ። አዎ! እንዲህ ነበር ያለው! «የትኛው የብርድ እንደሆነ፣ የትኛው የልብ እንደሆነ እኔ ብቻ አውቃለሁ። ሱኦ ውስጥ ይህን የማውቅለት ሰው የለም። የማላውቀውን ላድን የማውቀውን ልተው?»

ጻፍኩና ተንሰቀሰቅኩ። ሸክላ ሠሪው ጭቃው ዓይንህ ገባ እንዴ አለኝ።

ሰባተኛ ወር፣ በሃያ አምስት

አለቀ። ከአንድ ቦታ በቀር። «ሱኦ ውስጥ ብትሆን ትፈልግ ነበር?» ያልኩት ጋ። ከዚያ «ቆይ፣ ላስብ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ባዶ ስንጥር። በምዕራብ በር ላይ አገኘሁት ያለኝን መልስ እኔ ልፈጥርለት ሞከርኩ። አራት ቆንጆ ቆንጆ መልስ ፈጠርኩ። ሁሉንም ፋቅኩ። የሱ አይደሉም።

ባዶው ይግባ። ከጥቅሉ ጋር ይታሰር።

ስምንተኛ ወር፣ በሦስት

አነበብኩላቸው። ቁርቁራ እየለቀሙ ነበር፤ ቅርጫቱን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

መጀመሪያ ግራ ገባቸው። «ይህኛው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ይሂድ የሚለው?»

«አዎ።»

«ያ… ልጄ ያለው ነው ያልከኝ…»

«የኔ ነበር። ዋሸሁዎት።»

እጃቸው ቅርጫቱ ውስጥ ቆመ። «ቀጥል» አሉ።

ቀጠልኩ። ስለ ሳሉ ጋ ስደርስ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ቆይ፣ ላስብ» ጋ ስደርስ «ልጄ!» አሉ፤ በበር የገባ ያህል። የቆጠርኩትንም አነበብኩ። እራት ገና ነው ያልኩትን። የሳቁትን። ሁሉን ጽፌዋለሁ። ከዚያ ባዶውን ስንጥር አሳየኋቸው።

በጣም በቀስታ፣ እንደ ልጃቸው፣ ጠየቁኝ።

«አንተ ይሂድ አልክ። እሱ አይሂድ አለ። ታዲያ… የሄደው እንዴት እሱ ሆነ?»

እኔ ቱዎ ነኝ። ለዶንግ፣ ለመምህር፣ ለሊንዚ ሁሉ መልስ ያላጣሁ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ደንቡ ነው ልል ነበር። ይህን ለእናት ይሉታል?

ተነስተው ገቡ። በሩን ዘጉ።

ስምንተኛ ወር፣ በስድስት

ዳጉሳቸው ደርሷል። ሳይጠሩኝ ሄጄ ማጨድ ጀመርኩ። ከቤት አልወጡም።

ስምንተኛ ወር፣ በዘጠኝ

ዛሬም። በቀትር አንድ ቅል ውሃ አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው አላየሁም።

ዶንግ እርሻው ድረስ መጥቶ ነበር። መምህር ጥቅሉን ገልብጠህ አምጣልኝ ብለውት ባለፈው ገልብጦ ወስዶላቸው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ተነበበ አለ፤ ማንም አልሳቀም አለ። ከዚያ ወዲህ መምህር የሁለቱም ወገን ቃል ሳይፋቅ ይቀመጥ ብለዋል። ጥሩ ነው። ጥሩ ነው እንግዲህ… ለሚቀጥለው ሰው።

ስምንተኛ ወር፣ በአሥራ አራት

የመጨረሻውን ነዶ ስከምር እናቱ ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከስተዋል። ጠቁረዋል። እንደዚያ ቀን ቀና ብለው አይደለም የተቀመጡት።

«ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

«አንብብልኝ። የሱን ብቻ። ያንተን ዝለለው።»

«እሺ እማማ።»

ፈታሁት። የኔን እየዘለልኩ ጀመርኩ። «አንድ ሳህን ውሃ አለኝ…» ቀጥሎ «የእናቴን ሳል አውቀዋለሁ…» ቀጥሎ «ቆይ፣ ላስብ…»

አቋረጡኝ። «ምን ጠይቀውት ነው ላስብ የሚለው? ለብቻው የሚያወራ አስመሰልከው እኮ።»

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ እማማ። የኔ ከሌለ የሱ… መቆሚያ የለውም።»

ነዶዎቹን አዩ። እጃቸውን አዩ። እኔን አላዩም። እኔም ጸጥ ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም ሳልቆጥር፣ ምንም ሳላዘጋጅ።

«እንግዲያው ያንተንም አንብበው» አሉ። «ግን ቀስ ብለህ።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የኔን በለሆሳስ፣ የሱን ከፍ አድርጌ።